ከጣቢያው አጠገብ ያለው መሬት ለማን ነው?



የመንግሥት ሠራተኛ የአርብ ምሳ ሰዓት ከሌሎቹ ቀናት ይረዝማል፤ ከ5:30 እስከ 7:30 ነው። ለጁሙዓ ሶላት ታስቦ የተተወ ጊዜ ነው። በእነዚህ ሁለት ሰዓታት መርካቶ ታላቁ አንዋር መስጂድ ወይም ፒያሳ ኑር (በኒ) መስጂድ አካባቢ የደረሰ ሰው የሚያየውን ያውቀዋል። መኪና በመኪና ላይ ተደርቦ ይቆማል። የእግረኛው መንገድ ይዘጋል። ታክሲው መሀል አስፋልት ላይ ሰው ያወርዳል። መኪናው ተዘግቶበት መውጫ ያጣ ሰው ሶላቱ እስኪያልቅ ቆሞ ይጠብቃል። በድምፅ ማጉያ የሰሌዳ ቁጥር ሲጠራ መስማትም እንግዳ ነገር አይደለም።

ብዙዎቻችን ይህን የሥነ ሥርዓት ጉድለት ብቻ አድርገን እናየዋለን። በከፊል እውነት ነው። ዋናው ምክንያት ግን ከተማው የተሠራበት መንገድ ነው። ሠራተኛው በሁለት ሰዓት ውስጥ ሄዶ፣ ውዱእ አድርጎ፣ ኹጥባ ሰምቶ፣ ሰግዶ መመለስ አለበት። ታክሲ ልሰለፍ ቢል አይደርስም፤ ባቡሩ መቼ እንደሚመጣ አያውቅም። ስለዚህ መኪና ያለው በመኪናው ይመጣል፤ መኪና የሌለው ደግሞ በቆሙት መኪኖች መሀል እየተሽሎከለከለ ይሮጣል።

አዲስ አበባ ዛሬ እየፈረሰች እንደገና እየተሠራች ያለች ከተማ ናት። በዚህ ጊዜ የምናነሳው ጥያቄ «መኪናችንን የት እናቁም?» የሚል ብቻ ከሆነ ትልቁ ጥያቄ ያመልጠናል። ትልቁ ጥያቄ በጣቢያው፣ በገበያውና በመስጂዱ አጠገብ ያለው ውድ መሬት ለማን ይሁን የሚለው ነው።

አንድ መኪና ስንት ሰጋጅ ነው?

በቀላል ሒሳብ እንጀምር። አንድ የቤት መኪና ለመቆም በወርዱ 2.5 ሜትር፣ በርዝመቱ 5 ሜትር ያህል ቦታ ይፈልጋል፤ 12.5 ካሬ ሜትር ማለት ነው። መግቢያ መውጫውና መዞሪያው ሲጨመር እጥፍ ይሆናል። አንድ ሰጋጅ ደግሞ በሶፍ ውስጥ 60 ሴንቲሜትር በ1.2 ሜትር ቦታ ይበቃዋል። መዞሪያውን ትተን መቆሚያውን ብቻ ብንወስድ እንኳ አንድ መኪና የ17 ሰጋጆችን ቦታ ይይዛል። መኪናው ይዞ የመጣው ግን ብዙውን ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ሰው ነው።

ይህ ስሌት ለመስጂድ ብቻ የሚሠራ አይደለም። ለሱቅ፣ ለክሊኒክ፣ ለትምህርት ቤትና ለመኖሪያ ቤትም ይሠራል። 12.5 ካሬ ሜትር በመርካቶ አንድ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሱቅ ነው፤ በብዙ የቀበሌ ቤቶችም አንድ ቤተሰብ ያደረበት ክፍል ነው።

የከተማዋ ነዋሪ እንዴት እንደሚንቀሳቀስም እናስታውስ። ከ2019 እስከ 2028 እ.ኤ.አ. ለአዲስ አበባ በተዘጋጀው የእግረኛና የብስክሌት ትራንስፖርት ስትራቴጂ ላይ እንደሰፈረው፣ ከከተማዋ ጉዞዎች 54 በመቶው በእግር፣ 31 በመቶው በሕዝብ ትራንስፖርት፣ 15 በመቶው ብቻ በግል ተሽከርካሪ የሚደረግ ነው። ከመቶ ጉዞ 85ቱ መኪና ማቆሚያ አይፈልግም። የመንገድ ዳር መሬት ሲከፋፈል ግን ቅድሚያ ሲሰጠው የኖረው ለ15ቱ ነው።

በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ ሀገር እንዳይገቡ ከልክሏል። የኤሌክትሪክ መኪኖች ቁጥርም እየጨመረ ነው። ይህ ለአየሩና ለውጭ ምንዛሬው ይጠቅም ይሆናል። የኤሌክትሪክ መኪና ጭስ የለውም፤ ሲቆም የሚይዘው መሬት ግን ያው ነው።

ባቡሩ መጣ፣ ሰፈሩ አልተከተለውም

የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ወደ 34 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያላቸው ሁለት መስመሮች 39 ጣቢያዎች አሏቸው። ግንባታው 475 ሚሊዮን ዶላር ፈጅቷል፤ 85 በመቶው ከቻይና ኤክስፖርት ኢምፖርት ባንክ የተገኘ ብድር ነው። ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚሄደው መስመር ከምኒልክ አደባባይ ተነስቶ በአትክልት ተራ፣ በጎጃም በረንዳ፣ በአውቶቡስ ተራና በሰባተኛ አድርጎ ወደ ቃሊቲ ይወርዳል። በሌላ አነጋገር የመርካቶን ወገብ ታቅፎ ያልፋል። ለነጋዴው፣ ለሸማቹም ሆነ ለአንዋር ጀመዓ ከዚህ የተሻለ መስመር አይገኝም ነበር።

ታዲያ ለምን አልበቃም? አንደኛው ምክንያት የታወቀ ነው። ከተገዙት 41 ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጦት ለዓመታት ቆመዋል፤ ስለዚህ ተሳፋሪው ረጅም ሰዓት ይጠብቃል፣ የመጣውም ባቡር ይጨናነቃል። ሁለተኛው ምክንያት ግን ብዙ አልተወራለትም፤ እሱም ባቡሩና በዙሪያው ያለው ሰፈር አንድ ላይ አለመታቀዳቸው ነው። ሐዲዱ በብዙ ቦታ በአጥር ተከልሎ ሰፈሩን ለሁለት ከፈለው። ማዶ ለመሻገር እግረኛው ዞሮ መሄድ አለበት። በጣቢያው አጠገብ መኖሪያ ቤት፣ ገበያና አገልግሎት ተሰብስቦ እንዲያድግ የሚያደርግ ሥራ በበቂ ሁኔታ አልተሠራም።

የከተማ ፕላን ባለሙያዎች «በጣቢያ ዙሪያ የሚደረግ ልማት» የሚሉት ሐሳብ መሠረቱ ቀላል ነው። ሰው በደቂቃ 80 ሜትር ያህል ይራመዳል፤ 500 ሜትር ማለት የስድስት፣ የሰባት ደቂቃ መንገድ ነው። በዚህ ክልል ውስጥ ብዙ ሰው እንዲኖር፣ እንዲነግድና እንዲማር ካደረግን ባቡሩና አውቶቡሱ ተሳፋሪ አያጡም፣ ነዋሪውም መኪና አያስፈልገውም። በዚህ ክልል ውስጥ መሬቱን ለመኪና ማቆሚያ ካዋልነው ግን ጣቢያው ሰው አልባ ይሆናል፤ ሰው የሌለው መስመር ገቢ የለውም፤ ገቢ የሌለው መስመር መለዋወጫ አይገዛም። ሁለቱ ችግሮች እርስ በርስ የሚመጋገቡት እዚህ ላይ ነው።

ምድር ቤቱ ለምን መጋዘን ሆነ?

በአዲስ አበባ አንድ ሕንፃ ሲፈቀድ ለመኪና ማቆሚያ የሚሆን ቦታ እንዲኖረው ይጠየቃል። ብዙ ባለሀብቶች ምድር ቤቱን በፕላን ላይ «ፓርኪንግ» ብለው አስፈቅደው ኋላ መጋዘን ወይም ሱቅ አድርገው አከራይተውታል። የከተማው አስተዳደርም በተደጋጋሚ ዘመቻ ወጥቶ ምድር ቤቶቹ ወደተፈቀደላቸው አገልግሎት እንዲመለሱ አስጠንቅቋል።

ሕግ መከበር አለበት፤ በአደራ የተፈቀደን ነገር ለሌላ ማዋል ትክክል አይደለም። ነገር ግን ችግሩን በስግብግብነት ብቻ መግለጽ አያዋጣም። በመርካቶ የንግድ ሕንፃ ውስጥ ለአንድ መኪና የሚውል ቦታ ለሸቀጥ ቢከራይ የሚያስገኘው ብዙ ጊዜ እጥፍ ነው። ደንቡ ባለሕንፃውን ገበያው የማይፈልገውን ነገር እንዲቆፍር ያስገድደዋል፤ ገበያው ደግሞ የተቆፈረውን ለሚፈልገው ነገር ያውለዋል። የመቆፈሪያው ወጪም የትም አይሄድም፤ በሱቅ ኪራይ ላይ ይጨመራል፤ በመጨረሻም በእግሩ መጥቶ አንድ ሜትር ጨርቅ የሚገዛው ሰው ይከፍለዋል። መኪና የሌለው ሰው የመኪና ማቆሚያ ዋጋ ይከፍላል ማለት ነው።

ሜክሲኮ ሲቲ ይህን ችግር አይታ በ2017 እ.ኤ.አ. ደንቧን ገለበጠችው፤ ሕንፃ ቢያንስ ይህን ያህል ማቆሚያ ይኑረው የሚለውን ትታ ከዚህ በላይ እንዳይኖረው የሚል ጣሪያ አስቀመጠች። ዶናልድ ሾፕ የተባሉት አሜሪካዊ ምሁር በ2005 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ ያነሱት መከራከሪያም ይኸው ነው፤ ነፃ የሚባል መኪና ማቆሚያ የለም፣ ነፃ የመሰለውን ሌላ ሰው ከፍሎታል።

መርካቶ በእርግጥ የሚያስፈልገው ሌላ ነገር ነው፤ ዕቃ መጫኛና ማውረጃ፣ ለተሸካሚና ለጋሪ ክፍት የሆነ መተላለፊያ፣ ለድንገተኛ አደጋ የማይዘጋ መግቢያ። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት ሸማ ተራ ላይ እሳት ተነስቶ የስንቱ ነጋዴ ጥሪት አመድ ሲሆን አይተናል። የሱቆቹ መጠጋጋትና የመንገዱ ጥበት እሳቱን የመቆጣጠሩን ሥራ እንዳከበደው የከተማው አስተዳደር ያኔ ገልጿል። በእንዲህ ያለ ሰፈር መንገድ ዳር ተደርድሮ የሚውል መኪና የማንንም ምቾት ብቻ አይነካም፤ ሕይወትና ንብረት ይነካል።

ከተማዋ ትላልቅ ማቆሚያዎችንም ሠርታለች። ሰኔ 6 ቀን 2013 ዓ.ም. ታድሶ የተመረቀው መስቀል አደባባይ ከሥሩ ለ1,400 መኪኖች የሚሆን ማቆሚያ አለው። ቦታው ሁለቱ የባቡር መስመሮች የሚገናኙበት፣ በከተማዋ ካሉት ሁሉ ለሕዝብ ትራንስፖርት የተመቸ ሥፍራ ነው። መንገድ ዳር የቆሙትን መኪኖች ከሥር አስገብቶ የላይኛውን መንገድ ለእግረኛና ለአውቶቡስ ካስለቀቀ ይጠቅማል። መንገዱም እንደ ድሮው ተይዞ ማቆሚያውም ከተጨመረ ግን ተጨማሪ መኪና ወደ መሀል ከተማ መጥራት ብቻ ይሆናል። በየዓመቱ በዒድ ቀን እዚያው ስታዲየምና ዙሪያው ያሉት መንገዶች ለመኪና ተዘግተው ስፍር ቁጥር የሌለው ምእመን በእግሩ መጥቶ፣ ሰግዶ በሰላም ሲመለስ እናያለን። ቦታው ለመኪና ሲዘጋ ስንት ሰው እንደሚይዝ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም።

ኮሪደሩ የሰጠውና የወሰደው

በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት የእግረኛ መንገድ አስፍቷል፣ የብስክሌት መስመር ዘርግቷል፣ ከመንገድ የወጡ የታክሲና የአውቶቡስ መጫኛዎችን ሠርቷል። በ2017 ዓ.ም. የተጀመረው ሁለተኛው ምዕራፍ ደግሞ 8 ኮሪደሮችንና 132 ኪሎ ሜትርን የሚሸፍን ነው። በሰፊ የእግረኛ መንገድ መራመድ ለአዛውንቱም፣ ልጅ ለያዘች እናትም፣ በዊልቸር ለሚሄድም ትልቅ እፎይታ ነው። ይህን አለማመስገን ሐቅን መደበቅ ነው።

ሆኖም በእነዚሁ መንገዶች ዳር ይኖር የነበረው ሰው አብዛኛው አሁን እዚያ የለም። ከፒያሳና ከካዛንቺስ የተነሱ ነዋሪዎች ወደ ከተማዋ ዳርቻ ሄደዋል፤ ከካዛንቺስ የተነሱት ብዙ አባወራዎች የሰፈሩት ገላን ጉራ ነው። የተሰጣቸው ቤት ከቀደመው የተሻለ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን መኪና የሌለው፣ በእግሩ ሥራ ይደርስ የነበረ ሰው ከጣቢያ ርቆ ሲሄድ፣ በእሱ ፈንታ ጣቢያው አጠገብ የሚገባው ሰው ባለመኪና ከሆነ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ለሕዝብ ትራንስፖርት ይበልጥ የሚያስፈልገው ሰው ከሕዝብ ትራንስፖርት ራቀ።

ለሙስሊሙ ማኅበረሰብ ይህ ተጨማሪ ክብደት አለው። ሰፈር ማለት ጀመዓ ነው። አምስቱን ወቅት በአዛን ድምፅ ርቀት መስገድ፣ ልጆችን ወደ መድረሳ በእግር መላክ፣ ዕድርና ለቅሶ ላይ መገናኘት ሁሉ በቅርበት ላይ የቆመ ነው። በአዳዲስ የጋራ መኖሪያ መንደሮች የመስጂድ ቦታ ጥያቄ ለዓመታት ሲነሳ ኖሯል። በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ መስጂዶች ሲፈርሱ የተፈጠረው ሐዘንና የጠፋው ሕይወትም ገና አልተረሳም። የከተማ ፕላን ከምእመኑ ጋር ሳይመከር ሲሠራ የሚያስከፍለው ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ ያኔ ታይቷል።

የመንገድ ሐቅ

ዲናችን በዚህ ጉዳይ ዝም አላለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሶሓቦቻቸውን መንገድ ላይ ከመቀመጥ እንዲቆጠቡ፣ የግድ ከሆነባቸውም ለመንገዱ ሐቁን እንዲሰጡት አዘዋል፤ ከሐቆቹም አንዱ በአላፊ አግዳሚው ላይ አስቸጋሪ አለመሆን ነው። ከመንገድ ላይ የሚያስቸግር ነገርን ማንሳት ከኢማን ቅርንጫፎች አንዱ መሆኑን አስተምረዋል። ሰዎች በመንገድ ስፋት ሲጨቃጨቁም ሰባት ክንድ እንዲተው ወስነዋል። ሦስቱም በቡኻሪና በሙስሊም ዘገባዎች የሚታወቁ ናቸው። መንገድ ላይ ያለ እሾህ ማንሳት ኢማን ከሆነ መንገድ ላይ መኪና ደርቦ ማቆም ምን ይባላል?

ዑለሞች ከዚህ ተነስተው ሰፊ ሕግ አውጥተዋል። በ450 ዓመተ ሂጅራ የሞቱት ኢማም አል-ማወርዲ ስለ አስተዳደር በጻፉት መጽሐፍ በመንገድና በአደባባይ ዳር ስለ መጠቀም የተለየ ምዕራፍ አላቸው። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ መንገድ የሁሉም ነው፤ አላፊውን እስካልጎዳ ድረስ ሰው ሊያርፍበትና ሊነግድበት ይችላል፤ ሲጎዳ ግን ይከለከላል። የጥንቶቹ ሙስሊሞች የገበያ ሥርዓትም ገበያን ከመስጂድ ጋር ያመሳስለው ነበር። ቀድሞ የመጣ ይቀመጣል፤ ሲነሳ ቦታው የሚቀጥለው ሰው ነው፤ ማንም ለዘለዓለም አይዘውም።

ይህ መርህ ለዘመናችን ይሠራል። መንገድ ዳር ለአንድ ሰዓት ማቆም መጠቀም ነው፤ ከጠዋት እስከ ማታ ማቆም ግን የሌላውን ሰው ቦታ መያዝ ነው። በሰዓት የሚጨምር ክፍያ ይህን በተግባር ያስፈጽማል። ክፍያው ተራ የሚያስለቅቅ መሆን አለበት፤ ቢያንስ አንድ ወይም ሁለት ክፍት ቦታ ሁልጊዜ እንዲኖር። በማኅበር ተደራጅተው ደረሰኝ የሚቆርጡት ወጣቶች እንጀራም አይነካም፤ ሥራው ይጠናከራል እንጂ። የተሰበሰበው ገንዘብ ግን ለዚያው ሰፈር የእግረኛ መንገድ፣ መብራትና የአውቶቡስ መጠለያ ሲውል ሰው በዓይኑ ማየት አለበት።

መካን እንመልከት። በረመዷንና በሐጅ ወቅት የጎብኝዎች መኪኖች በከተማዋ መግቢያዎች ባሉ ሰፋፊ ማቆሚያዎች ይቀራሉ፤ ሰው ወደ ሐረም የሚገባው በአውቶቡስ ነው። በሚና፣ በሙዝደሊፋና በዐረፋ መካከል የሚሠራው 18 ኪሎ ሜትር የሚሆነው የመሻዒር ባቡር በ2010 እ.ኤ.አ. ተከፍቷል፤ ዘጠኙ ጣቢያዎቹ ሦስት ሦስት ሆነው በሦስቱ ሥፍራዎች ተከፋፍለዋል። በምድር ላይ ከሁሉ የተከበረው መስጂድ ሰጋጁን የሚቀበለው በእግሩ ነው። የእኛ ሰፈር መስጂድ ከዚህ የተለየ የሚሆንበት ምክንያት የለም።

ታዲያ ምን ይደረግ?

ተቃውሞ እንደሚኖር አውቃለሁ። ለፈጅር ሶላት ታክሲ የለም፤ አዛውንት ወላጅ ይዞ የሚመጣ አለ፤ ነጋዴው ዕቃ አለው። ሁሉም ትክክለኛ ምክንያት ነው። ስለዚህም ነው ያለው ጥቂት ቦታ በቅድሚያ ለአካል ጉዳተኛ፣ ለአቅመ ደካማና ለዕቃ ጫኝ መመደብ ያለበት። ጉልበትና አማራጭ ያለው ሰው ቦታውን ሲይዝ የሚጎዳው ምክንያት ያለው ሰው ነው።

ከከተማው አስተዳደር የሚጠበቁ ሦስት ነገሮች አሉ። በጣቢያ ዙሪያ 500 ሜትር ውስጥ ለሚሠራ ሕንፃ የማቆሚያ ግዴታው ቀርቶ በምትኩ የመጫኛ ቦታና የእግረኛ መተላለፊያ ይጠየቅ። በዚያው ክልል ከሚሠሩ ቤቶች የተወሰነው ለተነሺዎችና ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ይያዝ። የቆሙት ባቡሮችም ይነሱ፤ ያለ ባቡር ስለ ጣቢያ ማውራት ትርጉም የለውም።

ከመስጂድ ኮሚቴዎችና ከመጅሊስ የሚጠበቀውም ትንሽ አይደለም። አርብ አርብ የመስጂዱ በርና ፊት ለፊቱ ያለው የእግረኛ መንገድ ከመኪና ነፃ እንዲሆን በጎ ፈቃደኛ ወጣቶችን ማሰማራት ይቻላል። በዚያው የምሳ ሰዓት ቦታቸው ከሚለቀቅ በአቅራቢያ ካሉ መሥሪያ ቤቶች ጋር ተነጋግሮ ማቆሚያቸውን መጠቀም ይቻላል። አዲስ መስጂድ ሲታሰብ ወይም ለተነሺዎች ሰፈር ቦታ ሲጠየቅ፣ ከአውቶቡስ መስመር በእግር በሚደረስበት እንዲሆን መጠየቅ አስተዋይነት ነው። ለዚህም ኮሚቴዎች የአካባቢ ፕላን ውይይት ሲጠራ መገኘት አለባቸው፤ ፕላን ከጸደቀ በኋላ የሚቀርብ አቤቱታ ብዙ ጊዜ አይሰማም።

ይህ ሁሉ የአዲስ አበባ ጉዳይ ብቻ የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። የኮሪደር ልማቱ ባሕር ዳርና ጎንደር ደርሷል፤ ነገ ወደ ሌሎቹም ይቀጥላል። ከወረታ ተነስቶ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ አድርጎ ወልድያ የሚደርሰውን፣ በደርግ ዘመን ቻይናውያን የሠሩትን መንገድ እንመልከት። በዚያ መስመር ላይ ያሉት ከተሞች ያደጉት መንገዱን ተከትለው ነው። መናኸሪያው፣ ሱቁና ሆቴሉ የሚያያቸው ያንኑ መንገድ ነው። እነዚህ ከተሞች ገና በመኪና አልተጥለቀለቁም፤ ከጋይንትም ሆነ ከስማዳ ለገበያ የሚመጣው ሰው ዛሬም አብዛኛው እግረኛ ነው። ስለዚህ ጊዜ አላቸው። በመናኸሪያው ዙሪያ ያለው መሬት ከመሸንሸኑ በፊት ለገበያ፣ ለእግረኛና ለአምልኮ ቦታ ምን ያህል እንደሚያዝ ከአሁኑ ቢመከርበት፣ አዲስ አበባ በብዙ ቢሊዮን ብር አፍርሳ የምታስተካክለውን እነሱ በውይይት ብቻ ያገኙታል።

እነዚያ ከተሞች የሙስሊሙም የክርስቲያኑም ናቸው። አርብ በመስጂድ፣ እሑድና በበዓላት ቀን በቤተክርስቲያን ደጅ የሚጨናነቀው ያው አንድ መንገድ ነው። ስለ መንገድ ሐቅ አብሮ መምከር ከጎረቤት ጋር የሚጋሩት ቀላልና ጠቃሚ አጀንዳ ነው። ከየአካባቢው የመስጂድ ኮሚቴ አንድ ሰው ወደ ከተማው የመሬት ወይም የፕላን ጽሕፈት ቤት ሄዶ የመናኸሪያው ዙሪያ ምን ተብሎ እንደታቀደ ይጠይቅ። መጀመሪያው ይኸው ነው።

አላህ ከመንገድ ላይ አስቸጋሪን የሚያነሱ ያድርገን። ወላሁ አዕለም።